ያለ ጥፋቱ የሰደብኩት ፑንታ

አናጢነትን ማንም አላስተማረኝም። ሀርጌሳ የገባሁት በከባድ መኪና ረዳትነት ነው። የመኪናችን የጭነት ሳንቃ በየጉዞው ይሰበራል፤ ሾፌሩ ጥላ ፈልጎ ሲተኛ እኔ ስነቅል፣ ስቆርጥ፣ ስመታ እውላለሁ። በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት ከቆየሁ በኋላ አንድ ቀን እጄን ሳየው ሙያ ይዟል። መጽሐፍ አላነበብኩም፣ ጌታ አላገለገልኩም። እስከ ዛሬ ድረስ የሠራሁት በር ሲከፈት ጩኸት አያሰማም፤ ይህንን የሚጠራጠር ሰው ሀርጌሳ፣ ኮድቡር ሠፈር ሄዶ እየከፈተ ይዝጋ።

ያኔ ከተማዋ ከጦርነቱ በኋላ ገና እንደ አዲስ እየተሠራች ነበር። ግድግዳ አለ፣ ጣሪያ የለም። ጣሪያ ያለበት ደግሞ በር የለውም። ሰው ከስደት ጣቢያ በጭነት መኪና ተጭኖ ይመለስና ከአሮጌ ቤቱ ፊት ይወርዳል፤ ፍርስራሹን ይጠርጋል፣ ቆርቆሮ ያለብሳል፣ ከዚያ የሚፈልገው በር ነው። ይህን ሳይ ለሾፌሬ “እኔ እዚሁ ቀረሁ” አልኩት።

“በምን ሙያህ?” አለ እየሳቀ።

“በበር።”

“ደግሞ በር መሥራት የት ታውቃለህ?”

“በሚቀጥለው ስትመጣ አንኳኩተህ ግባ” አልኩት። እውነትም በሚቀጥለው ሲመጣ አንኳኩቶ ነው የገባው።

ኮድቡር ውስጥ ከአንድ ግማሽ ግድግዳ ላይ ሸራ ወጥሬ ሥራ ጀመርኩ። አዲስ ጣውላ ውድ ስለነበር የምንሠራው በአሮጌው ነው፤ ከፍርስራሽ የወጣ፣ ጥይት የበሳሳው። እኔን ከሌላው አናጢ የለየኝም እሱ ነው። የጥይት ቀዳዳ አደፍን ነበር። ከዚያው ከእንጨቱ የወጣ ሰጋቱራ በጨርቅ እነፋለሁ፣ ከኮላ ጋር አቦካለሁ፣ በቢላ ጫፍ ጠቅጥቄ ፀሐይ ላይ አደርቀዋለሁ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት እፈትገዋለሁ። ቀለሙ እንዲመሳሰል የጠቆረ ሻይ እቀባበታለሁ፤ ይቺን የሻይ ነገር ያገኘኋት ራሴ ነኝ። ባለቤቱ ሲመጣ “ቀዳዳው የት ነበር?” ብዬ እጠይቀዋለሁ። በጣቱ እየዳበሰ ይፈልጋል፣ አያገኘውም። ከዚህ የበለጠ የሚያስደስተኝ ነገር አልነበረም።

አንድ ደንብ ነበረኝ። ጥይት ጣውላ በስቶ ያልፋል፤ በወዲህ ገብቶ በወዲያ ሲወጣ ቀዳዳው ክብ ነው። የመድፍ ፍንጣሪ ግን ሳንቲም እንደሚያስገባ ስንጥቅ ያለ ጠባብ አፍ ይከፍትና እዚያው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ስንጥቅ ባየሁ ቁጥር ሳልደፍን በፊት ቀጭን ሽቦ ሰድጄ እጎረጉራለሁ፤ ብረት ከነካኝ በመሮ ፈልቅቄ አወጣለሁ። ሌላው ዝም ብሎ ይደፍናል። እኔ ዝም ብዬ አልደፍንም። አንድ ጊዜ ብቻ ደፍኛለሁ፤ የምጽፈውም ስለዚያው ነው።

መብራት የሚሰጥ ጄኔሬተር ሠፈራችን ስላልደረሰ የምንበሳው በእጅ በሚዞር ትራፓኖ ነበር። ትራፓኖ የያዘ ሁሉ ችግሩ ፑንታ፣ ጫፉ ላይ የሚገባው መብሻ ብረት ነው። እኔ አንድ የጥንት ፑንታ ነበረችኝ፤ ከአንድ አሮጌ ጋራዥ ዕቃ ውስጥ ያገኘኋት፣ በዘይት ጨርቅ ጠቅልዬ የማስቀምጣት፣ ለተራ ሥራ የማላወጣት። ለዕለት ሥራ የሚሆነው በርበራ ወደብ ወርዶ በካርቶን የሚመጣው ርካሹ ነው።

ርካሹን የሚሸጠው የሀገሬ ልጅ ነበር። ከወሎ የመጣ፣ በበርበራ መንገድ ብዙ ዓመት የነዳ ሾፌር ነው። ወገቡ ሲታመም መሪውን ተወና ያለችውን ሁሉ ለአንድ ካርቶን ፑንታ አውጥቶ ገበያ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ዘረጋ። ከድንበር ማዶ ሚስቱና ሦስት ልጆቹ የሚበሉት ከዚያች ጠረጴዛ ነው። ይህንን ገበያው ሁሉ ያውቃል። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ፑንታዎቹን እንደ ጥርስ ደርድሮ ከኋላቸው ይቀመጣል። ዕቃውን ማሞገስ አይችልበትም።

ከጠረጴዛው አጠገብ የሻይ ቤት አለ። እዚያ ከማይጠፉት አንዱ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ በዚያች ከተማ እንጨት ሲሠራ የኖረ ሶማሌ ሽማግሌ አናጢ ነው። በስደት ዘመኑ አማርኛ ለምዷል። የርካሽ ዕቃ ጠላት ነው።

“ይህ ብረት አይደለም” ይላል ወደ ጠረጴዛው እየጠቆመ፣ “ይህ የተቀባ ማካሮኒ ነው።”

አንድ ቀን ይህን ሲል ሰማሁና አላስቻለኝም። “ማካሮኒ የሚሆነው አያያዙን ለማያውቅ ነው” አልኩት።

“አንተ ታውቃለህ?”

“ቁጭ ብለህ ተመልከት።”

ሰው ተሰበሰበ። እኔም እንደማውቀው ሠራሁ። ከሻይ ቤቱ መስታወት ተውሼ ፑንታውን በላዩ ላይ አንከባለልኩት፤ ጎባጣው እየዘለለ ይሄዳል፣ ቀናው ጸጥ ብሎ ይንከባለላል። የጫፉን ሁለት ከንፈሮች ወደ ፀሐይ አዙሬ አየሁ፤ አንዱ ከአንዱ ከረዘመ ቀዳዳው ይሰፋል። በሞረድ ጎኑን ጫር አደረግሁት፤ ሞረዱ ከነከሰው ለስላሳ ነው፣ ከተንሸራተተ ደህና ነው። ወርቅ የተቀባውን ወርቅ ስለመሰለ ብቻ አልመረጥኩም፤ ቀለሙ ከሦስት ቀዳዳ በኋላ ይለቃል፣ ከሥሩ ያለው ያው ነው። መርጬ ሦስት አወጣሁ። በድንጋይ ትንሽ ሳልኳቸው፣ ጫፋቸውን ሳሙና ነካ አደረግሁና አንድ የደረቀ የግራር ቁራጭ ላይ አዞርኩ። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ወጣ። ስድስት ቀዳዳ፣ ስድስቱም ንጹሕ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ቀዳዳዎቹን አየና “ግራሩ የበሰበሰ ነው” አለ።

ሰው ሳቀ። ግን ያን ቀን የገበያው ሰው ፑንታ ሲገዛ ዋለ። የሀገሬ ልጅ ሦስቱን በነጻ ሊሰጠኝ ፈለገ፤ እምቢ ብዬ ከፈልኩ። “ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ” አለኝ ቀስ ብሎ። እኔ ደግሞ ለሚሰማውም ለማይሰማውም “ከዚህ ሰው ግዙ!” ብዬ ጮህኩ። ቃሌ በገበያው ክብደት እንዳለው ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

እነዚያን ሦስት ፑንታዎች ይዤ የሄድኩት አንዲት ከስደት የተመለሰች ሴት ቤት ነው። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ በሀገሩ ደንብ “ኤዶ” እላታለሁ፣ የአባት እህት እንደማለት ነው። በሯ ከፍርስራሽ ሥር የወጣ ወፍራም ጠንካራ እንጨት ነበር፣ ጥይትና ፍንጣሪ የጠገበ። ከሁለት ወር በፊት የደፈንኩት እኔ ነኝ፤ ከሠራኋቸው ሁሉ እሱን የሚያህል አልነበረም። ማጠፊያው ላይ ሰቅዬው በገመድ ይታሰር ነበር። አሁን ቁልፍ ገዝታ ጠራችኝ።

ጎረቤቶቿ ሊያዩ ወጡ። እኔም ትራፓኖውን እያዞርኩ ስለ ድፍኑ እነግራቸዋለሁ፤ “እስቲ ከእናንተ ውስጥ አንድ ቀዳዳ የሚያገኝ አለ?” እላለሁ። እነሱ ይዳብሳሉ፣ እኔ አዞራለሁ። አንድ ጣት ያህል እንደገባ ፑንታው ቆመ። ተጫንኩት። የሚጠቀለለው ፍቅፋቂ ቀረና ግራጫ ዱቄት መውጣት ጀመረ። አወጣሁት፤ ጫፉ ድንቡልቡል ብሏል። ሁለተኛውን አስገባሁ፤ እሱም ደነዘ። ሦስተኛው እንጨቱ ውስጥ እንዳለ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ግራጫውን ዱቄት በጣቴ አሸሁት። ብረት ነው። የፑንታው ብረት እየሟሸሸ ነው አልኩ በልቤ። የበሩን ቁልፍ ሥራ ትቼ፣ ሁለቱን ደንዛዛና ከቀዳዳው በጉጠት መንጭቄ ያወጣሁትን የሦስተኛውን ስባሪ በመሃረብ ቋጥሬ በቀጥታ ወደ ገበያ ሄድኩ።

እዚያ ያደረግሁትን አላሳንሰውም። መሃረቡን በጠረጴዛው ላይ ዘርግፌ “ይህ ምንድን ነው?” አልኩት።

የሀገሬ ልጅ አያቸው። “ጋሼ፣ እርስዎው አይደሉ መርጠው የወሰዱት? በመስታወት አይተው፣ በሞረድ ፈትነው…”

“ላዩን አጠንክረህ ውስጡን ጭቃ አድርገህብኛል!”

“ወላሂ እኔ አልሠራሁት! ከካርቶን እንደወጣ ነው።”

“ሌባ!” አልኩት። ቃሏን እስከ ዛሬ አፌ ላይ አገኛታለሁ። “በሀገር ልጅነት አፈርኩብህ። ከዚህ ሰው ማንም እንዳይገዛ!”

ሽማግሌው አናጢ ሻዩን አስቀምጦ “ማካሮኒ” አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። የሀገሬ ልጅ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ስባሪዎቹን አንድ በአንድ ለቅሞ በመሃረቤ ጠቀለለና መልሶ ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን በዚያ አለፍኩ። በሦስቱም ቀን ጠረጴዛው እንደተደረደረ ነው፤ አንድ ፑንታ አልጎደለም። ሰው አጠገቡ ሲደርስ እጁን ወደ ኋላ ያጥፋል። አብረውት ይነዱ ከነበሩት ሾፌሮች አንዱ፣ ሰውየው ጠረጴዛውን አጥፎ ወደ ሀገሩ ሊመለስ ማሰቡን ነገረኝ። “ይመለስ” አልኩ፤ ልቤ ግን ሞልቶ አላለውም።

በአራተኛው ቀን ኤዶ “በገመድ የሚታሰር ፍየል እንጂ ቤት አይደለም” ብላ ላከችብኝ። የጥንቷን ፑንታ ከዘይት ጨርቋ አውጥቼ ሄድኩ። ያችን የጀመርኳትን ቀዳዳ በእሷ ቀጠልኩ። ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ የብረትና የብረት ጩኸት። ባለፈውም ነበረ፤ ያን ጊዜ ግን እያወራሁ ስለነበር ጆሮዬ የራሴን ድምፅ ነው የሰማው። ለማውጣት ሳልደርስ የጥንቷ ፑንታ ሁለት ቦታ ተከፈለች።

ቁጭ አልኩ። ርካሹ ቢሰበር ርካሽ ስለሆነ ነው። ይቺስ?

መሮ አነሳሁና ያን ቆንጆ ድፍኔን መፈልፈል ጀመርኩ። ለማግኘት እኔም ተቸግሬያለሁ፤ ያን ያህል ጥሩ ነበር። ከሥሩ ጠባቡ ስንጥቅ ብቅ አለ። ስንጥቁ ውስጥ ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ጥቁር የመድፍ ፍንጣሪ ተጋድሞ አገኘሁት፤ በላዩ ላይ ፑንታዎቼ የጫሩት አራት ነጭ ጭረት፣ አንዱ ደግሞ ጥልቅ።

ያኔ ትዝ አለኝ። በሩን ስደፍን ሽቦ ልሰድድበት ይዤ ነበር። አንድ ደንበኛ መጣና ሥራዬን ሊያይ ፈለገ፤ ላሳየው ብዬ ሽቦውን አስቀመጥኩ። ሰውየው አድንቆ ሲሄድ ስንጥቁን ደፈንኩት። ሽቦውን ረሳሁት።

ኤዶ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ፍንጣሪውን ከእጄ ላይ አንስታ አገላበጠችው። “ይህ ነው ፑንታውን የበላው?”

“እሱ ነው።”

“ታዲያ ያ ሀበሻ ምን አጠፋ?”

“ምንም” አልኩ። “ዛሬ እሄድና አሥር ፑንታ እገዛዋለሁ። ይገባዋል።”

“ስትሰድበው ማን ሰማ?”

“ገበያው።”

“አሥር ፑንታ ስትገዛ ማን ይሰማል?” አለችና ሳቀች። ቀጠል አድርጋም እንዲህ አለችኝ፦ “በእኛ ዘንድ የሰው ስም ያቆሸሸ ሰው ሐል ይከፍላል። የጎዳኸውን ሰው ክብር የምትመልስበት ካሳ ነው፤ ግን በጨለማ አይከፈልም። ያዋረድክበት ቦታ፣ ያዋረድክበት ሰው ፊት ነው።”

“እኔ ሶማሌ አይደለሁም ኤዶ።”

“በሬን የሠራኸው በሶማሌ ከተማ ነው። ሐሉን ሳትከፍል ቁልፌን አትነካም። ያለ በር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን ብትጨመር ምን አለበት?”

ሌሊቱን አሰብኩበት እንዳልል፣ ብዙ አላሰብኩም። የጥፋት አከፋፈልም ሙያ ይጠይቃል። ገንዘብ ብሰጠው ምጽዋት ይመስላል። በግ ባርድ ሰው በልቶ ይሄዳል፣ ፑንታው ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ያበላሸሁት የፑንታውን ስም ከሆነ ማስተካከል የምችለው በእጄ ነው። ጠዋት ትራፓኖዬን፣ ሞረዴን፣ መስታወትና አንድ ትልቅ የግራር ግንድ ተሸክሜ ገበያ ገባሁ።

ጠረጴዛው ፊት ቆሜ ፍንጣሪውን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ድምፄ ሲሰድብ ምን ያህል እንደነበረ አውቃለሁና ከዚያ አንድ ክንድ ጨመርኩበት።

“ስሙኝ! ይህን ሰው ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህ ብረት በደፈንኩት በር ውስጥ ነበር። ሳልፈትሽ ደፈንኩበት፤ ፑንታውን ያደነዘው ይህ ነው። ሐሌን ልከፍል መጥቻለሁ!”

የሀገሬ ልጅ ተነሣ። “ጋሼ፣ ይብቃ፣ አብሽሩ…”

“ተቀመጥ፤ ካርቶኑን አምጣ። ያለህን ፑንታ አንድ በአንድ በሰው ፊት እፈትናለሁ።”

ፈራ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ “ሁሉም ደህና ላይሆን ይችላል እኮ” አለኝ።

“ሁሉም ደህና ቢሆንማ ማን ያምነኛል?” አልኩት።

ሽማግሌው አናጢ ወንበሩን ጎትቶ ቅርብ መጣ። የምጥለውን ሊቆጥር ነው። እኔም አላሳፈርኩትም። መጀመሪያ ያወጣሁት መስታወቱ ላይ ዘለለ፤ ጣልኩት። ሁለተኛው ደህና፣ ግራሩን በሳ፤ በቀይ ቀለም ጭራውን ነካሁት። ሦስተኛውን ሞረድ ነከሰው፤ ጣልኩት። ሽማግሌው በደስታ “ማካሮኒ!” ይላል፣ የሀገሬ ልጅ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ ግን እጄን አውቀዋለሁና አልተረበሽኩም። የዝሁር ሶላት፣ የቀትሩ፣ እስኪደርስ ድረስ ጭራቸው ቀይ የሆኑት ከተጣሉት ይበልጡ ነበር። ሰግደን ስንመለስ ሰልፍ የሚመስል ነገር ነበር። መሐመድ ሞጌ ሠፈር ድረስ ወሬው ደርሶ ጣሪያ የሚሠሩ ሰዎች መጥተዋል።

“ቀዩን ስጠኝ” ይላሉ። ቀይ ያልሆነ የሚጠይቅ የለም።

የተጣሉት እንኳ አልቀሩም። ለስላሳዎቹን አንድ ጫማ ሠሪ ለቆዳ መብሻ ይሆኑኛል ብሎ በርካሽ ወሰዳቸው።

የአስር ሶላት ሲቃረብ ሽማግሌው ከተቀመጠበት ተነሣና የራሱን የግራር ቁራጭ ከኪሱ አወጣ። አንድ ቀይ ፑንታ አነሣ፣ ትራፓኖዬን ሳይጠይቀኝ ተቀበለኝና በሳ። ሲጨርስ ፍቅፋቂውን እፍ አለው።

“አራት ስጠኝ” አለ ለሀገሬ ልጅ። ወደ እኔ ዞሮ “ግራሩ የእኔ ነው፤ አልበሰበሰም” አለኝ።

የሀገሬ ልጅ ፑንታዎቹን ጠቀለለለት። ከዚያ ሻይ አስመጣልኝ። “ጋሼ፣ ሐሉ ተከፍሏል። አውፍ ብዬዎታለሁ” አለ። ሌባ ያልኩት ሰው ያስመጣልኝን ሻይ ጠጣሁ።

በማግስቱ የኤዶን ቁልፍ በሁለት ቀይ ፑንታ ገጠምኩ። ፍንጣሪው የነበረበትን ጉድጓድ እንደገና ደፈንኩት፤ በዚህኛው ግን ከመድፈኔ በፊት ሽቦዬን ሰድጄ የበሩን ስንጥቅ ሁሉ ጎረጎርኩ፣ እሷ ደግሞ ጎረቤት እንዳያናግረኝ በር ላይ ቆማ ትከለክል ነበር።

በወሩ መጨረሻ ካርቶኑ አለቀ። የሀገሬ ልጅ ሁለተኛ ካርቶን ሊያመጣ በርበራ ሲወርድ ኮድቡር ድረስ መጥቶ ወሰደኝ፤ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩና ከእሱ መሃል ተቀመጥኩ። ጅምላ ሻጩ መጋዘን ስንደርስ ነጋዴው በወርቅ ቀለም የሚያብረቀርቅ ካርቶን ከፍቶ ዘረጋልን። የሀገሬ ልጅ ወደ እኔ አየ። ያ ዝምተኛ ሰው ከዚያ በኋላ ለነጋዴው የተናገረውን እስከ ዛሬ በልቤ ይዤዋለሁ።

“ዋጋውን ቆይተህ ትነግረኛለህ” አለው። “መጀመሪያ ለጋሼ መስታወት አምጣላቸው።”